አዲስ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋይ ሲቆራረጥ፦ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ለይቶ መፍታት

ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያለ ችግር ይሄዳል። አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ግን የዙም ስብሰባ መሀል ድምፅ ይቆራረጣል፣ ገጽ ለመክፈት ክቧ ትሽከረከራለች፣ አንዳንዴም የዋይፋይ ምልክቱ ራሱ ጠፍቶ ይመለሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወይ ለኢንተርኔት አቅራቢው ደውሎ ይጨቃጨቃል፣ ወይ ላፕቶፑን ተሸክሞ ፎርማት ሊያስደርግ ይሄዳል። ሁለቱም ሊቆዩ ይችላሉ። አብዛኛው ችግር ቤት ቁጭ ብሎ፣ አንድም ብሎን ሳይፈታ የሚስተካከል ነው፤ መጀመሪያ ግን የታመመው መስመር የትኛው እንደሆነ መታወቅ አለበት።

መስመሩ ሁለት ነው። አንዱ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ በአየር የሚሄደው ነው። ሌላው ከራውተሩ ወደ ውጭ በስልክ ሽቦ፣ በፋይበር ወይም በሲም ካርድ የሚወጣው ነው። የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት የሚጠፋው ለዚህ ነው፦ ምልክቱ የሚነግራችሁ ስለ መጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለዊንዶውስ 11 ነው፤ ዊንዶውስ 10 ላይ የምናሌዎቹ ቦታ ትንሽ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

መጀመሪያ ስልካችሁን ምስክር አድርጉ

1. ስልኩ ላይ ሞባይል ዳታ አጥፉ። ይህን ካልዘነጋችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል፤ ዋይፋዩ ሲደክም ስልኩ ሳይናገር ወደ ዳታ ስለሚዞር «ስልኬ ላይ ይሠራል» የሚለው ማስረጃ ብዙ ጊዜ ውሸት ነው።
2. ስልኩንም ላፕቶፑንም ራውተሩ አጠገብ አድርጋችሁ አንድ ዓይነት ነገር ክፈቱ። ሁለቱም ከተቸገሩ ጥፋቱ የላፕቶፑ አይደለም።
3. ሁለቱም ደህና ከሆኑ ዘወትር ወደምትሠሩበት ክፍል ውሰዷቸው። እዚያ ሲደርሱ ሁለቱም ከደከሙ ችግሩ የርቀትና የግድግዳ ነው።
4. ላፕቶፑ ብቻ ከተቸገረ የስልኩን ዳታ መልሳችሁ ሆትስፖት ክፈቱና ላፕቶፑን በእሱ አገናኙት። በሆትስፖት ቀጥ ብሎ ከሠራ የላፕቶፑ ዋይፋይ ካርድ ደህና ነው፤ ያልተግባባው ከቤቱ ራውተር ጋር ነው። በሆትስፖትም ከተቆራረጠ ላፕቶፑን መጠርጠር ትችላላችሁ።

አራተኛው ሙከራ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፤ ሱቅ ሄዳችሁ ዕቃው ይቀየርልኝ ለማለትም የሚያስችል ማስረጃ ይሰጣችኋል።

ከዚያ ፒንግ በሁለት መስኮት

ፒንግ አንድን መሣሪያ «አለህ?» ብሎ እየጠየቀ መልሱ በስንት ጊዜ እንደመጣ የሚለካ ትእዛዝ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና አር ፊደልን አብራችሁ ተጫኑ፤ በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ጥቁሩ መስኮት ይከፈታል። በዚያው መንገድ ሁለተኛ መስኮት ክፈቱና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

በአንደኛው ፒንግ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ክፍት ቦታ ትታችሁ የራውተሩን ቁጥር፣ ከዚያ ሌላ ክፍት ቦታ፣ በመጨረሻ ሰረዝና ቲ ፊደልን አስከትሉ። የራውተሩ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ሊሆን ይችላል፤ ሲም የሚቀበሉት ትንንሽ ሞደሞች ላይ 192.168.8.1 ልታገኙ ትችላላችሁ። በሁለተኛው መስኮት ላይ በራውተሩ ቁጥር ፈንታ 8.8.8.8 አስገቡ፤ ይህ የጉግል ሰርቨር ነው። ሰረዝና ቲ የተጨመሩት ሙከራው ሳያቋርጥ እንዲቀጥል ነው። ለማቆም ኮንትሮልንና ሲን አብራችሁ ተጫኑ።

አሁን ሥራችሁን ሥሩ፤ መቆራረጡ ሲመጣ መስኮቶቹን እዩ። ራውተሩን የሚጠይቀው መስኮት ጤነኛ ሲሆን በጥቂት ሚሊሰከንድ፣ ብዙ ጊዜም ከ10 በታች መልስ ያገኛል። እሱ ላይ ቁጥሩ ወደ መቶዎች ከዘለለ ወይም «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» የሚል መስመር ከበዛ የታመመው የአየሩ መስመር ነው። ራውተሩ ያለ ችግር እየመለሰ 8.8.8.8 ብቻ ከጠፋ ላፕቶፑን ተዉት፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ሁለቱም መስኮቶች ደህና ሆነው ገጽ የማይከፈት ከሆነ ደግሞ የስም ፍለጋው (የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት)፣ ቪፒኤኑ (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞረው ፕሮግራም) ወይም የላፕቶፑ ሰዓት ላይ ነው ነገሩ። ስለ ሰዓቱ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጥፋቱ ወደ ውጭ ከሆነ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ራውተሩን ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ መልሳችሁ ሰኩ፤ ካልተስተካከለ የፒንጉን ስክሪን ፎቶ አንስታችሁ ለኢንተርኔት አቅራቢው ደውሉ። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ነው። «ቀርፋፋ ሆኖብኛል» ከማለት «ከራውተሩ ጋር እገናኛለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን መልስ ይጠፋል» ማለት ያሳጥራል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መቆራረጡ ምግብ በሚሠራበት ሰዓት የሚበዛ ከሆነ የመብራቱን ጉልበት እዩ። የእንጀራ ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል፤ የቤቱ ሽቦ ቀጭን ከሆነ ወይም ግቢው ውስጥ ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ከተጠቀመ ቮልቴጁ ይወርድና ራውተሩ ራሱን አጥፍቶ ያስነሣል። የራውተሩ ትንንሽ መብራቶች ሁሉ ጠፍተው እንደገና አንድ በአንድ ሲበሩ ካያችሁ እሱ ነው። ለራውተር ተብሎ የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ (መብራት ሲዳከም ወይም ሲጠፋ በባትሪ የሚያስቀጥለው ዕቃ) ይህንንም፣ መብራት ሲጠፋ የሚመጣውንም ችግር ያቃልላል። ስትገዙ ግን የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አመሳክሩ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ 5 እና 9 ቮልት የሚፈልጉም አሉ።

አዲስ ላፕቶፕ በራሱ ይበላል

ይህን የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው። አዲስ ላፕቶፕ ከካርቶኑ ወጥቶ ኢንተርኔት እንዳገኘ የወራት የዊንዶውስ አፕዴት ያወርዳል፣ ስቶር ውስጥ ያሉ መተግበሪያዎችን ያድሳል። በማይክሮሶፍት አካውንት ከገባችሁ ደግሞ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማከማቻ) ዴስክቶፑንና ፎቶዎቻችሁን ወደ ላይ መጫን ሊጀምር ይችላል። በተለይ የመጫኑ ሥራ ለዙም መርዝ ነው፤ የቤት መስመር ላይ የመጫኛው ፍጥነት ከማውረጃው የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነውና። ዋይፋዩ የተበላሸ ይመስላል እንጂ ተይዞ ነው። በሲም ሞደም የጥቅል ዳታ የሚጠቀም ሰው ላይ ደግሞ ጥቅሉን በአንድ ሌሊት ጨርሶ ያድራል።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢኤስሲን አብራችሁ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፕሮሰስስ በሚለው ገጽ ላይ ኔትወርክ የሚለውን ዓምድ ስትጫኑ ኢንተርኔቱን ማን እየበላው እንደሆነ በቅደም ተከተል ይወጣል።

አፕዴቱን ማስቀረት አያዋጣም፤ ሾፌሮቹም፣ ማለትም ዊንዶውስ እንደ ዋይፋይ ካርድ ያሉትን ዕቃዎች የሚያንቀሳቅስባቸው ፕሮግራሞች፣ በዚያ ነው የሚመጡት። የሚሻለው ፈጣን መስመር ባለበት ቦታ፣ ወይም ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አውርዶ ጨርሶ ሪስታርት እንዲያደርግ መተው ነው። በጥቅል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ዋይፋይ፣ ከዚያ የኔትወርካችሁን ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩት። ዊንዶውስ ዳታው የሚቆጠር መሆኑን አውቆ አብዛኛውን ማውረድ ያዘገያል። ዋንድራይቭን ደግሞ ከታች በቀኝ ካለችው የደመና ምልክት ለጊዜው ማቆም ይቻላል።

ሰዓቱ

ዋይፋዩ ተገናኝቶ፣ ፒንጉ ደህና ሆኖ፣ አሳሹ ግን በየገጹ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ካወጣ ቀኑን እዩ። ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የደህንነት ሰርተፊኬት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ስላለው የላፕቶፑ ዓመት ከተሳሳተ ሁሉም የተበላሸ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ይህ የሚገጥመው አንድ በጣም የራሳችን በሆነ ምክንያት ነው፦ አንድ ሰው በቅንነት ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላዋል፣ ላፕቶፑም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር መልሱ፣ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ በሚገኝበት ዩቲሲ ሲደመር 3 ላይ አድርጉ፣ «ሴት ታይም አውቶማቲካሊ» የሚለውንም አብሩ።

2.4 ወይስ 5 ጊጋኸርዝ?

ላፕቶፑና ራውተሩ ካልተግባቡ ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚህ ነው። ብዙ ራውተሮች በሁለት ሞገድ ያሰራጫሉ። 2.4 ጊጋኸርዝ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳ ይሻገራል፣ ግን ጠባብና የተጨናነቀ ነው፤ ብሉቱዝም ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠሩት እዚያው አካባቢ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ብዙ ራውተር ሁለቱንም በአንድ ስም ስለሚያሰራጫቸው ላፕቶፑ አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው ይይዛል፤ በዝውውሩ ቅጽበት ግንኙነቱ ይቋረጣል። በመሀል ክፍል የተቀመጠ፣ ለሁለቱም እኩል የሆነ ላፕቶፕ ላይ ይህ ይብሳል።

በየትኛው እንደተገናኛችሁ ለማወቅ ሴቲንግስ ውስጥ የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ክፈቱና ወደ ታች ውረዱ፤ «ኔትወርክ ባንድ» እና «ቻናል» የሚሉ መስመሮች አሉ።

መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው። የራውተሩን ቁጥር አሳሽ ላይ ጽፋችሁ፣ ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ በተጻፈው ስምና የይለፍ ቃል ግቡ፤ በዋይርለስ ወይም ደብሊውላን ገጽ ላይ ለ5 ጊጋኸርዙ የተለየ ስም ስጡት። ከዚያ ራውተሩ ያለበት ክፍል ወይም ጎኑ ላይ ከሆናችሁ በ5፣ ከሁለት ግድግዳ ወዲያ ከሆናችሁ በ2.4 ተገናኙ። ወደ ራውተሩ መግባት የማትችሉ ተከራይ ከሆናችሁ በላፕቶፑ በኩልም መንገድ አለ፦ ዲቫይስ ማናጀር (የላፕቶፑን ዕቃዎች የሚዘረዝረው የዊንዶውስ መስኮት)፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ፣ የዋይፋይ ካርዱ፣ አድቫንስድ። እዚያ «ፕሪፈርድ ባንድ» የሚል ካለ የምትፈልጉትን ምረጡ። ሁሉም ካርድ ይህ አማራጭ የለውም።

እግረ መንገዳችሁን ቻናሉንም፣ ማለትም በሞገዱ ውስጥ ራውተሩ የያዘውን መተላለፊያ፣ አስተካክሉ። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። አንድሮይድ ስልክ ላይ የዋይፋይ መለኪያ መተግበሪያ ብትጭኑ ጎረቤቶቻችሁ የትኛው ላይ እንደተከማቹ ታያላችሁ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ሥዕሉ ያስደነግጣል። ከሦስቱ ባዶ የሆነውን ወይም ደካማ ሲግናል ያለበትን ያዙ። የቻናሉን ስፋት 20 ሜጋኸርዝ ላይ ተዉት፤ 40 ማድረግ በተጨናነቀ ሕንፃ ውስጥ ጉዳቱ ያመዝናል። በ5 ላይ ደግሞ ከ36 እስከ 48 ያሉትን ምረጡ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩ ስለሆኑ ራውተሩ የራዳር ምልክት የሰማ ሲመስለው ቻናሉን ለቆ የመውጣት ግዴታ አለበት፤ እናንተ ዘንድ የሚታየው ያለ ምክንያት መቋረጥ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ላፕቶፕ ላይ አንድ የተለየ ነገር ይገጥማል። በ2.4 ሞገድ አሜሪካ የምትጠቀመው እስከ ቻናል 11 ሲሆን፣ በብዙ ሌላ አገር እስከ 13 ይፈቀዳል። ራውተሩ ቻናሉን በራሱ ይምረጥ ተብሎ 12 ወይም 13 ላይ ከተቀመጠ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ካርድ ያንን ኔትወርክ ጨርሶ ላያየው ይችላል። ስልኩ ያየዋል፣ ላፕቶፑ አያየውም፤ ራውተሩ ሲነቀልና ሲሰካ ደግሞ ሌላ ቻናል ይመርጥና «በተአምር» ይመጣል። ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ቆልፋችሁ ተገላገሉ።

ቆርቆሮ፣ ሮቶ፣ ሃርድ ዲስክ

ብረት ሲግናልን ይመልሳል፣ ውሃ ይውጠዋል። ስለዚህ የቆርቆሮ ክፍልፋይ፣ የብረት በር፣ ትልቅ መስታወት ወይም ውሃ የሞላ ሮቶ በራውተሩና በላፕቶፑ መካከል ካለ ከግንብ ግድግዳ ይብሳል። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥታችሁ ከፍ ያለ ክፍት ቦታ ላይ አድርጉት፤ ዳንቴል መልበስም አያስፈልገውም፣ ይሞቃል።

ላፕቶፑ ላይ የተሰካውንም እዩ። ዩኤስቢ 3 የሆኑ ውጫዊ ሃርድ ዲስኮችና ሃቦች (ብዙ ዕቃ የሚሰካባቸው ማከፋፈያዎች) በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ያመነጫሉ፤ ኢንቴል በ2012 ራሱ ያሳተመው ጉዳይ ነው። ሃርድ ዲስኩ ሲሰካ ዋይፋዩ የሚደክም፣ ሲነቀል የሚነሣ ከሆነ በረዘም ያለ ገመድ አርቁት ወይም ወደ 5 ጊጋኸርዝ ዙሩ።

ሾፌሩ

እኛ አገር «አዲስ» ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ፎርማት ተደርጎ፣ ዊንዶውስ ተጭኖበት የመጣ ነው። የጫነው ሰው ጊዜ ለመቆጠብ ለሁሉም ማሽን የሚሆን የሾፌር ጥቅል ይጠቀማል፤ ካርዱ ይሠራል፣ ግን በትክክለኛው ሾፌር አይደለም። ከእንቅልፍ ሲነሣ ዋይፋይ የሚጠፋበትና በየጊዜው የሚቋረጥበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው።

ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ኔትወርክ አዳፕተርስ ሥር የካርዱን ስም አንብቡ፦ ኢንቴል፣ ሪልቴክ፣ ሚዲያቴክ ወይም ኳልኮም ሊሆን ይችላል። ከዚያ የላፕቶፑ አምራች፣ ማለትም የኤችፒ፣ የዴል፣ የሌኖቮ ወይም የአሱስ ድረ ገጽ ላይ ከሥሩ ያለውን ሲሪያል ቁጥር ወይም ሞዴል አስገብታችሁ የዋይፋይ ሾፌሩን አውርዱ። «ሾፌር እናዘምንልዎ» የሚሉትን ነፃ ፕሮግራሞች አልመክርም፤ ከጥቅማቸው ማስታወቂያቸው ይበዛል።

ዋይፋዩ ጨርሶ እንቢ ካለና ማውረጃ ካጣችሁ የአንድሮይድ ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን አብሩ። ላፕቶፑ ስልኩን እንደ ኬብል ኢንተርኔት ይቆጥረዋል።

ችግሩ የመጣው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፦ ካርዱ ላይ ሁለቴ ተጭናችሁ «ድራይቨር» በሚለው ገጽ «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉ። አዲስ ሾፌር ሁሉ የተሻለ አይደለም።

ባትሪ ቁጠባ

ቻርጀር ላይ ደህና ሆኖ በባትሪ ሲሆን የሚቆራረጥ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት የማይመለስ ከሆነ ዊንዶውስ ካርዱን ለቁጠባ እያጠፋው ነው። እዚያው የካርዱ መስኮት ላይ «ፓወር ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ካለ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሱ። በቅርብ ዓመታት የወጡ ላፕቶፖች ላይ ይህ ገጽ ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ሾፌሩን ማስተካከልና «ኢነርጂ ሴቨር» ወይም «ባትሪ ሴቨር» የሚለውን ማጥፋት ይቀራል።

ሌላው፣ ሻት ዳውን ማድረግ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይደለም። ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሣት ሲል የሲስተሙን ሁኔታ አስቀምጦ ስለሚተኛ የታመመው ሾፌር እንደታመመ ይነሣል። ሪስታርት ነው ከባዶ የሚያስጀምረው።

እስካሁን ካልተፈታ

ኔትወርኩን «ፎርጌት» ብላችሁ የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ አስገቡ። ከዚያ የቀረው ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ሪሴት ነው። ይህ የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችንና ቪፒኤኖችን ያጠፋል፤ ፋይሎቻችሁን አይነካም። አስቀድማችሁ የይለፍ ቃሎቹን ጻፉ።

ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ደግሞ አንድ የመጨረሻ ሙከራ አለ። ኡቡንቱን፣ ማለትም በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም፣ ባዶ ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሡት፤ ስትጠየቁ ሳትጭኑት «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውሱ አይነካም። አስቀድማችሁ ግን የቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፍበት መከላከያ) መክፈቻ ቁልፋችሁ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፤ የማስነሻ ቅንብር ሲነካ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ኡቡንቱ ላይ ዋይፋዩ ቀጥ ብሎ ከሠራ ዕቃው ጤነኛ ነው፣ የሚስተካከለው ዊንዶውሱ ነው። እዚያም በተመሳሳይ መንገድ ከተቆራረጠ፣ በሆትስፖትም ከተቆራረጠ፣ ራውተሩ አጠገብ ተቀምጦ ሲግናሉ አንድ ሁለት መስመር ብቻ ከሆነ ችግሩ የዕቃ ነው።

ከዕቃዎቹ የመጀመሪያ ተጠርጣሪ አንቴናው ነው። ብዙ ላፕቶፖች ላይ አንቴናው በስክሪኑ ዙሪያ ወይም ማጠፊያው አካባቢ ሆኖ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ከዋይፋይ ካርዱ ጋር ይያያዛል። ስክሪኑ የተቀየረ ወይም ራም ለመጨመር የተከፈተ ላፕቶፕ ላይ አንዱ ሽቦ ሳይገጠም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ዋስትና ያለው ከሆነ አትክፈቱት፤ የተነካ ብሎን ለሻጩ ጥሩ ሰበብ ነው። የስልኩንና የላፕቶፑን ልዩነት በቪዲዮ ቀርጻችሁ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ፣ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ሂዱ፤ ሱቁ ውስጥም በራሳችሁ ሆትስፖት አሳዩአቸው፣ «የቤታችሁ ኔትወርክ ነው» እንዳይሏችሁ።

ዋስትና ከሌለው ባለሙያው ሽቦዎቹን መልሶ ይገጥማል፤ ካርዱ ከሞተም ያልተበየደ ከሆነ ይቀየራል። የተበየደ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ አዳፕተር ግዙ። ስትገዙ በጣም ትንሿንና ርካሿን ትታችሁ በ5 ጊጋኸርዝም የምትሠራውን ጠይቁ፤ ካርቶኑ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች፣ 2.4 እና 5፣ መጻፍ አለባቸው።